ያልተመረቀው ማሞቂያ

ወደ ቁይ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የነበሩ አንድ ቄስ ከፊታቸው የተቀመጠችውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተቆጧት።

«ልጄ፣ መስኮቱን ዝጊው እንጂ! ብርዱ ፈጀን።»

«ይቅርታ አባ፣ ትንሽ ይቆይልኝ።»

«እናንተማ ምን አለባችሁ! መኝታ ቤታችሁን በፀሐይ የሚያሞቅ ተገጥሞላችኋል አሉ።»

«ጣሪያው ላይ ተገጥሟል፤ አይሠራም።»

«ምነው፣ ተበላሸ?»

«ኧረ ደህና ነው። ባለሥልጣን መጥቶ እስኪመርቀው እንዳይነካ ተባለ።»

«እስከዚያ በምን ትሞቃላችሁ?»

«በከሰል። ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ከሰሉን አጠገቧ አድርጋ፣ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ተኛች። ጠዋት ብንቀሰቅሳት አልነቃችም። አሁን እናቷ ዘንድ ለቅሶ ልደርስ ነው።»

«ነፍሷን ይማረው! ማሞቂያውስ?»

«ሪባኑ እንደታሰረ ነው፣ አባ።»

በእኔ በኩል ያለውን መስኮት ከፈትኩት።