አውሮፕላን ሲመጣ ብቻ

ያኔ ጂንካ ጆንያ እየጫንኩ ነበር የምኖረው። ለአውራጃው የመቶ ሜትር ውድድር ብዬ ጠዋት ማታ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ስሮጥ፣ ፍጥነቴ ሳይጨምር ክንዴ ሰለለ፤ ጆንያውም አልነሳልህ አለኝ።

አንድ ቀን እየሮጥኩ ሳለ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። ከሜዳው ከብት የሚያባርሩት ዘበኛ፣ ጋሽ ማርቆስ፣ ከተቀመጡበት ተነስተው በሩጫ ጥለውኝ አለፉና አንዱን እምቢተኛ በሬ በቀንዱ ጎትተው አወጡት። በዕድሜ አባቴ ናቸው። ቅናት አንገበገበኝ።

«ጋሽዬ፣ መቼ ነው የሚለማመዱት?»

«እኔ የምሮጠው አውሮፕላን ሲመጣ ብቻ ነው። ያኔ ያለ የሌለ ኃይሌን አወጣለሁ። በሌላው ቀን በሬ እጎትታለሁ፣ ቆጮዬን እበላለሁ፣ እቀመጣለሁ። አንተ የምትቀመጠው መቼ ነው?»

በማግስቱ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በረራ እንደሌለ እያወቅሁ፣ አውሮፕላን የሰማሁ እየመሰለኝ ሦስት ጊዜ ብድግ አልኩ።