ስለሰመጠው የልኬት ችካል የተሰጠ ቃል

ስም፦ ሰፈሩ «ጉደኛው» እያለ የሚጠራው
ዕድሜ፦ 19
ሥራ፦ ጎማ ጠጋኝ
ትምህርት፦ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ
አድራሻ፦ ከነዳጅ ማውጫው አጥር ጀርባ፣ አክስቱ ቤት
ቃሉ የተሰጠው፦ ሰኞ ጠዋት፣ በሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ስለ ችካሉ ተጠይቄ የሰጠሁት ቃል እንደሚከተለው ነው። ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ የነዳጅ ድርጅቱ ቀያሽ በአክስቴ በር አጠገብ የተተከለውን የብረት ችካል ከፍታ ሊለካ መጣ። ከአምናው አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ አገኘው። «ማነው በመዶሻ የመታው?» ቢል ሰፈሩ በአንድ አፍ እኔን ጠራ። አልፈርድባቸውም። የዳቦ ቤቱን «ትኩስ አለ» የሚል ሰሌዳ ነቅዬ የጋራ ሽንት ቤቱ በር ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

ችካሉን ግን አልነካሁም። እሺ፣ መታሁት እንበል፤ የአክስቴን ቤት በየትኛው መዶሻ መታሁት? ድርጅቱ ከእግራችን ሥር ዘይትና ጋዝ መሳብ ከጀመረ ወዲህ የሳሎኑ በር አልዘጋ ብሏል፤ የመኝታ ቤቷ ግድግዳ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። መሬቱ ተመጥጦ እንዳለቀ የጁስ ካርቶን እየተጨማደደ ነው ብላት፣ «ሂድ ወዲያ! በሩን ያጣመምከው አንተ፣ ግድግዳውን የፈለቀቅከው አንተ!» አለችኝ። አልጋሽን ከስንጥቁ ሥር አንሺው ብዬ ብለምናት ደግሞ ሌላ ተንኮል አሰብክ ብላ ሳቀችብኝ። እኔ የምፈራው መታሰሩን አይደለም። ታስሬ ሳለሁ ያ ግድግዳ አክስቴ በተኛችበት እንዳይወርድባት ነው።

ይህን ቃል ስሰጥ አክስቴ ልትመሰክርብኝ እዚሁ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። የመርማሪው እስክሪብቶ ከጠረጴዛው ተንከባሎ ወደቀ። አንስተው ቢያስቀምጡት ወደዚያው ወገን ወረደ። መርማሪው «እጅህን ሰብስብ!» ሲሉኝ «ይኸው ጋሼ» ብዬ ሁለቱንም እጄን አናቴ ላይ ጫንኩ። እስክሪብቶው አሁንም ሄደ። ጠረጴዛውን ወደ ሌላው ጥግ ቢያዞሩትም እስክሪብቶው ወደ ነዳጅ ማውጫው ወገን መንከባለሉን አላቆመም።

አክስቴ እስክሪብቶውን ከወለሉ አንስታ ሰጠቻቸው። ወለሉን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያም «በል ቶሎ ፈርም፤ አልጋዬን ማን ሊሸከምልኝ ነው?» አለችኝ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ። እንደ ሌላው ጊዜ ቀልድ ሳይሆን እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ቃል ሰጪ፦ (ፊርማ)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ (ፊርማ)
ለቃል ሰጪው እማኝ፦ አክስቱ (ፊርማ)