የቮልሷ የዳሽቦርድ መብራት

የአባቴ አሮጌ ቮልስ የዳሽቦርዷ መብራት ከጠፋ ወዲህ፣ ከፍላቂት ወደ ላሊበላ ስመለስ ከመሸብኝ ፍጥነቱም ነዳጁም አይታየኝም። ኤሌክትሪሽያኑ ጋሽ ሞላ ሦስት ቀን ሙሉ መሪው ሥር ተጋድመው፣ "ኃይሉ የት እንደሚቀር እንጃ" ብለው መለሱኝ። በብስጭት ዳሽቦርዱን ራሴ ፈታሁት። ለካ ከፊውዙ ወደ አምፖሎቹ የሚሄደው ሽቦ በፒንሳ ተቆርጧል! ቁራጩን ይዤ ጋሽ ሞላ ዘንድ ገሰገስኩ።

"ጋሼ፣ ይሄን ማን ቆረጠው?"

"እኔው ነኝ" አሉ አንገታቸውን ደፍተው። "እናትህ ለምነውኝ ነው። መብራቱ ከጠፋ ሲመሽ በገደሉ አይነዳም፣ እዚያው ያድራል አሉ።"

እየተንጨረጨርኩ ቤት ገባሁ። "እማዬ፣ እኔ እኮ ሳይታየኝም ስነዳ ነው የከረምኩት!" ብዬ ጮህኩባት።

"ሳይታይህ?" አለች ክው ብላ። ገና ብዙ የምናገረው ነበረኝ፤ እሷ ግን ሽቦውን ላስቀጥል ብላ ነጠላዋን እየጎተተች ወደ ጋሽ ሞላ ሮጣለች።