የአራስ ቤት ንፋስ

ታኅሣሥ ፫ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ከአዲሱ ገበያ ግማሽ ጆንያ ከሰል ተሸክሜ ስመለስ የጎረቤታችንን የአቶ መዝገቡን ልጅ ስለሺን መንገድ ላይ አገኘሁት። ስለሺ የምህንድስና ተማሪ ነው።

«ጋሽ ቦጋለ፣ ከሰሉ ለማን ነው?» አለኝ።

«ለአበራሽ። ትናንት ወለደች።»

ጆንያውን ከትከሻዬ ተቀብሎ አብሮኝ ሄደ። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ባለቤቴ የሺ በዚያው ቤት፣ በዚያው አልጋ ላይ፣ ከነሕፃኗ ካረፈች ገና ሁለት ዓመት አልሞላም። አበራሽ ታናሽ እህቷ ናት፤ ባሏ ወደ ሰሜን ስለ ዘመተ እናቷ ዘንድ ልትታረስ መጥታለች። እናታቸው ወይዘሮ ታየች የሺን የገደላት በበር የገባ ንፋስ ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ በዚህኛው አራስ ቤት መስኮቷን በጋዜጣ ለጥፈዋል፣ የበሩን ሥር በጆንያ ወትፈዋል። እኔ የቱን እንደማምን አላውቅም ነበር። የማውቀው ፍርሃቴን ብቻ ነው።

ስንገባ ሙቀቱ ፊታችንን መታን። አበራሽ ግንባሯን በመሐረብ አስራለች።

«ራስሽን ያምሻል?» አላት ስለሺ።

«ከጠዋት ጀምሮ። ያቅለሸልሸኛልም።»

ስለሺ ከአልጋው አጠገብ ከሰል ወደሚነድበት ምድጃ አየ። «እማማ ታየች፣ እሳቱን ላውጣውና በሩን እንክፈተው።»

«ብርድ እንዲገድላት? እኔ አንዷን ቀብሬያለሁ።»

«እኔ ከበሩ ፊት እቆማለሁ። ንፋሱ መጀመሪያ እኔን ይምታኝ።»

ወይዘሮ ታየች አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ ልጃቸውን አዩ። «ጥቂት ብቻ» አሉና ሕፃኑን በጋቢያቸው ሸፈኑት። ምድጃውን እኔ አወጣሁት።

አበራሽ ትንሽ ሲሻላት ስለሺ ስለ ጥናቱ ነገረን። በተዘጋ ቤት ውስጥ በጠባብ ቀዳዳ የሚገባ ንፋስ ወዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚደክም ይለካ ነበር።

«በመሠረተ ትምህርቱ ፊደል አስቆጠራችሁን፣ የምስክር ወረቀትም ሰጣችሁን» አሉ ወይዘሮ ታየች። «አሁን ደግሞ ንፋስ ልታስቆጥሩን ነው? በምን ይሰፈራል፣ በቁና?»

«በላባ፣ እማማ። የዶሮ ላባ በክር አንጠለጥላለሁ። ንፋሱ በበረታ መጠን ክሩ ያዘነብላል፤ ያዘነበለውን እለካለሁ።»

«አባትህ ይህን ሰምቷል?»

«ሰምቷል። ዶሮዎቹን ከእኔ ደብቋል።»

አበራሽ ሳቀች፤ በዚያ ቀን የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

ስለሺ ከቤቱ አንድ የመስታወት ሣጥን ይዞ መጣ። ውሃ ሞላበት፣ በአንዱ ጥግ የክብሪት ቀፎ በድንጋይ አሰጠመ።

«ይህ ቤትዎ ነው፤ ክብሪቱ አልጋው ነው፤ ውሃው አየሩ፣ የውሃው ገጽ ኮርኒሱ። በዚህ ቱቦ የምለቀው ቀይ ውሃ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቀው ስለሚከብድ ጨው በጥብጬበታለሁ።»

«ለወጥ የቸገረንን ጨው» አሉ ወይዘሮ ታየች፤ ቢሆንም ቀረብ ብለው ተቀመጡ።

ቱቦውን ከክብሪቱ በላይ አድርጎ ለቀቀው። ቀዩ ውሃ ቁልቁል ወርዶ አልጋው ላይ ተደፋ።

«አየህ? ልጄን የመታት ይኸው ነው!»

«እዚህ ቢከፈት እውነትዎን ነው፣ ብርዱ አራሷ ላይ ይወድቃል። ንፋስ ሁሉ ደግ ነው አልልዎትም። ቦታውን እንምረጥለት ነው የምለው።»

እኔ እንደማስበው ወይዘሮ ታየችን ማድመጥ ያስጀመራቸው ይህ ቃል ነው። ትልቅ ሰው ፍርሃቱን ሲንቁበት ጆሮውን ይዘጋል፤ ሲያከብሩለት ግን ይጠይቃል።

ሁለተኛ ጊዜ ቱቦውን ከአልጋው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ፣ ከኮርኒሱ ሥር አድርጎ አፉን ወደ ላይ ቀና አደረገው። ቀዩ ውሃ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ገባ፣ ኮርኒሱን ታኮ ሄደ፤ ከዚያ ተተራመሰ፣ ተጠቀለለ፣ ዙሪያውን ያለውን ንጹሕ ውሃ እየጎተተ ሰፋ። ክብሪቱ ዘንድ ሲደርስ ቀለሙ ጠፍቶ ነበር።

«ሲተራመስ ከሞቀው ጋር ይቀላቀላል» አለ ስለሺ፤ «ሲቀላቀል ቅዝቃዜውም ጉልበቱም ያልቃል። አልጋው ጋ የሚደርሰው ትንፋሽ ብቻ ነው። የገባው እንዲወጣ ደግሞ የመስኮቷ ጋዜጣ ይነሣ።»

ወይዘሮ ታየች ከመስታወቱ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ «ታዲያ የሺን የገደላት ምንድን ነው?» አሉ።

ስለሺ ወደ እኔ አየ።

«ከሰሉ ነው፣ እማማ። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ ይተፋል። መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል። ከዚያ እንቅልፍ ይወስዳል።»

«ያቀጣጠልኩት እኔ ነኝ» አሉ በቀስታ።

«አላወቅንም፣ እናቴ» አልኳቸው።

ወይዘሮ ታየች ተነሥተው የበሩን ጆንያ በገዛ እጃቸው አወጡት፤ ጋዜጣውን ቀደዱት። በማግስቱ ጠዋት የጭቃውን ግድግዳ ስለሺ ባመለከተኝ ቦታ በመሮ በሳሁት፤ ንፋሱን ወደ ላይ የምትመራ ጣውላም አደረግንበት። ላባውን አልጋው ራስጌ ይዘው የቆሙት ወይዘሮ ታየች ናቸው። ከቀዳዳው አጠገብ ይወዛወዝ የነበረው ክር በእሳቸው እጅ ጸጥ አለ።

«አሁን ምድጃውን እንመልሰው?» አሉ።

«አይሆንም። ቀዳዳው ለመተንፈሻ ነው እንጂ ለከሰል ፈቃድ አይደለም። ውሃ ደጅ አፍልተው በጠርሙስ ያድርጉና በጨርቅ ጠቅልለው እግሯ ሥር ያኑሩላት።»

እንዲሁ አደረጉ። አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን በዓይኔ አይቻለሁ። የአበራሽ ራስ ምታት ለቀቃት፣ የግድግዳው ሻጋታ ደረቀ፣ ሌሊት የሚያፍናት ሳል ቀረ። ንፋስን ፈርተን አየርን ከልክለን ነበር፤ ለክተን ስናስገባው አልጎዳንም። ይህን የምጽፈው የሺ ባትመለስም ሌላ ቤት ያለች አራስ እንድትድን ነው።

ወይዘሮ ታየች እስከ ክረምቱ ድረስ በሰፈሩ ውስጥ አራስ በተኛችበት ቤት ሁሉ እየዞሩ ምድጃ ሲያስወጡ ከረሙ። የአበራሽ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ።