ወደ ውስጥ የዞሩ ቀዳዳዎች

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን አዳራሽ ላስጌጣችሁ፣ ምሳውን ላዘጋጃችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ከገባሁ ጀምሮ ዐይኔ አላረፈም። ያ በወረቀት የተጠቀለለ ትልቅ ስጦታ ምንድን ነው? ሲያነሱትስ ለምን ቀለለ? ደግሞ እስከ ትናንት ሰላምታዬን በግማሽ አፉ ይመልስ የነበረው ሁሉ ዛሬ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚያወድሰኝ? ሰው ሲሞት እንጂ ጡረታ ሲወጣ ይህን ያህል ሲመሰገን አይቼ አላውቅም።

አትቀየሙኝ፤ የሥራዬ ጠባይ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ለዚህ የኢንሹራንስ ድርጅት የመኪና ግጭት መርማሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። "ፍሬን እንቢ አለኝ" የሚለኝን ሾፌር፣ አስፋልቱ ላይ የጎማውን ምልክት ሳላይ አምኜው አላውቅም። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ይባል የለ? ባለቤቴ እንኳ "አመመኝ" ስትለኝ ግንባሯን ሳልነካ አላምንም። ቶማስ ትለኛለች።

የክፍላችንን ደንብ ታውቃላችሁ። አንድ መርማሪ ግጭቱን አይቶ ሲመለስ ሌላው ተከትሎት ይሄድና፣ ያኛው ያየውን ሳይጠይቅ እንደገና ያያል። እኔን የሚከተለኝ እዚያ ጥግ የተቀመጠው ነው። "ጥላዬ" ነው የምለው። ዐሥራ አንድ ዓመት ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው፤ እኔ ግን ለሻይ ስነሳ እንኳ መሳቢያዬን እቆልፋለሁ።

በቅርቡ ሥራ አስኪያጃችን አስጠሩኝና በሩን ዘግተው፣ "ወንበርዎን ለዚያ ለሚከተልዎ ሰው ልሰጠው አስቤያለሁ። ይታመናል? የእርስዎ ቃል ይበቃኛል" አሉኝ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ይህ ዕድገት ካመለጠው ሰውየው ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ እንደሚዛወር፣ የሚማሩ ልጆች እንዳሉትም አውቃለሁ። ግን አንድ ጊዜ ሪፖርቴ ተሳስቷል ተብሎ አለቃ ፊት ቀርቤ ነበር። ማን ነገራቸው? እሱ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ማስረጃ የለኝም። ጥርጣሬ መቼ ማስረጃ ይፈልጋል?

በዚያው ሰሞን የምሳ ሰዓት የጸሎት ቡድናችን፣ ጥላዬም አለበት፣ አንድ የጥንት የጦር ሜዳ ሊያስጎበኘን ወሰደን። አልዋሽም፣ አስጎብኚውንም ጠርጥሬዋለሁ። "ይህ ጦር ያኔ የተወረወረ ነው" ሲለን እጀታው አዲስ ቫርኒሽ ይሸታል። ሜዳው ዳር ያለው አሮጌ ምሽግ ውስጥ ስንገባ ግን ዐይኔ አንድ ነገር ያዘ። የጠመንጃ መተኮሻ ቀዳዳ በተኳሹ በኩል ሰፊ፣ በጠላት በኩል ጠባብ ነው። በውስጠኛው ግንብ ላይ ያሉት ግን ጠባብ አፋቸው የዞረው ወደ ወታደሮቹ መኝታ ነበር።

"እነዚህስ ወደ ማን ነው የሚተኩሱት?" አልኩት።

አስጎብኚው መለሰልኝ። "ወደ ራሳቸው ሰው ነው። አዛዡ ይከዱኛል ብሎ ይፈራ ነበር። ጠላት የመጣ ለት ግማሹ ዘበኛ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ቆሟል።" ምሽጉ ቀትር ሳይሆን ወደቀ። ከወታደሮቹ መሐል የከዳ ግን አልነበረም አለን።

ጎንበስ ብዬ በአንዱ ቀዳዳ አየሁ። ከወዲያ በኩል፣ መኝታው ውስጥ፣ ጥላዬ ቆሟል። ግንባሩ ልክ በቀዳዳው መሐል ነው።

"ጋሼ፣ እዚያ ጋ ሆኖ ምን ይታያል?" አለኝ።

አፈርኩ። ምንም አይታይም ብዬው ቀና አልኩ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ የቡድኑ መሪ ከጉብኝቱ ምን እንደተማርን በየተራ ጠየቀን። አንዱ ድፍረት አለ፣ ሌላዋ ጽናት። እኔ ግን የማስበው ስለ ይሁዳ ነበር። በዚያች የመጨረሻ እራት ላይ እኔ ብኖር ኖሮ መጀመሪያ የይሁዳን ከረጢት እፈትሽ ነበር። ጌታችን ግን መፈተሽ አላስፈለገውም፤ ያውቃል። እያወቀ ጎንበስ ብሎ እግሩን አጠበው። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ሁልጊዜ የምጠብቀው ከሃዲው እስኪጋለጥ ነበር እንጂ፣ የእሱም እግር አብሮ መታጠቡን ልብ ብዬው አላውቅም። እሱ አውቆ ያልነፈገውን፣ እኔ ሳላውቅ ነፍጌ ኖሬያለሁ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እንግዲህ መልሴን በሁሉም ፊት ልስጥ። ይህ ሰው እንደሚታመን ማስረጃ የለኝም። አሁን እንኳ ልቤ "ተው፣ በኋላ ትጸጸታለህ" ይለኛል፤ በአንድ ጉብኝት የሚድን ልብ አይደለም። ቢሆንም ወንበሩን ይስጡት። ቃሌ ነው። ከኋላውም ሰው አይላኩበት።

አንተም ወንድሜ፣ ቤቴ የት እንደሆነ ለአንድም የሥራ ባልደረባ ነግሬ አላውቅም። ከገበያው ጀርባ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ በር ነው። ቅዳሜ ከነልጆችህ ና።

ለሁላችሁም ጤና ይስጣችሁ፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፤ የድካማችሁን ፍሬ ያብላችሁ። ጀርባችሁን እግዚአብሔር ይጠብቅላችሁ፤ እናንተ ፊት ለፊታችሁን እዩ።