የዘይነባ ባዶ ቤት

በእኛ ጊዜ ቤት የሚባለው የሞላ ነበር ልጆቼ። ቡፌው በብርጭቆ፣ አልጋ ሥሩ በፍራሽ፣ ጓዳው በድስት። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስሰበስብ ኖሬ፣ እዚህ መካነ ሰላም ድግስ ያለበት ሁሉ ዕቃ ፍለጋ የሚመጣው እኔ ጋ ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ታዲያ የጎረቤቴ የዘይነባ ልጅ፣ ፋጡማ፣ ከአዲስ አበባ መጣችና ስልኳ ላይ ምን እንዳየች እንጃ፣ የማትጠቀሚበትን ሁሉ አውጪ ብላ የእናቷን የቤት ዕቃ አራግፋ ለሰው ሰጠች። ሶፋው ሄደ፣ ቡፌው ሄደ፣ አንድ አልጋና አንድ ምንጣፍ ቀረ። እኔማ አበዱ ብዬ ነበር። እና የገባ ሁሉ እንዴት ይቀላል፣ እንዴት አየር ያስገባል እያለ ይወጣ ጀመር። የኔው ባል ሳይቀር ዘይነባ ዘንድ ተጫውቶ ይመጣና በራችን ላይ ቆሞ፣ “እዚህማ እግር መዘርጊያም የለ” ይለኛል። እንግዳ ሲመጣባትስ? ፍራሹንም ትሪውንም የምትወስደው ከኔ ነው። ዕቃው የኔ፣ ምስጋናው የሷ። አንጀቴ አረረ።

ታዲያ እኔም አወጣሁ። ቡፌውን ለዘመድ፣ ፍራሹን ሁሉ አጅባር ላለችው እህቴ ሰደድሁት። ባሌም ወዴት ልንሄድ ነው አለኝ እንጂ አላመሰገነኝ።

ብዙም ሳይቆይ ፋጡማን ለትዳር የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሳይታሰብ ዘይነባ ደጅ ደረሱ። እሷም እንደ ልማዷ ወደኔ መጣች። “አስካል፣ ፍራሽና ትሪ ስጭኝ።”

“የለኝም” አልኋት። “እንዳንች ሆኛለሁ።”

እና ፊቷን አያለሁ፣ ስትደነግጥ ለማየት፤ ወላሂ፣ ያችን ሰዓት ነበር ስጠብቅ የከረምሁት። እሷ እቴ፣ ሳቀች። “አብሽሪ፣ ሣር አለ” ብላኝ ሄደች። በአጥር አያለሁ፤ ሰዎቹን ግቢው ሣር ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ትልቁ ሽማግሌ ጋቢውን አነጠፈ፣ ከአንድ ሰፌድ በሉ፣ እስኪመሽ ሲሳሳቁ ቆዩ። ልጅቷንም ሰጠች።

እኔስ? ለበዓል የልጅ ልጆቼ ከደሴ መጡና የማስተኛበት አጣሁ። ስደነግጥ፣ ወዲህ ወዲያ ስል ዋልሁ። እህቴን ፍራሹን መልሽልኝ ብላት “እኛማ ተኝተንበታል” አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያስቀናኝ ባዶው ቤት አልነበረም ልጆቼ። ዘይነባ ሰው ሲመጣባት አትደነግጥም፤ ቤቷ ሞልቶ ሳለም እንዲሁ ነበረች። እኔ ሞልቶልኝም እደነግጥ ነበር፣ ባዶም ሆኖ ያው ነኝ። ዕቃስ ዘመድ ይወስደዋል፣ ድንጋጤን ለማን ይሰጡታል?

“አሁንስ ይቀኑባታል እማማ?”

አሁንማ ባሰብኝ።