ለወደቀ ሰው ክብሪት

ሱዳን ውስጥ፣ ዶካ ላይ፣ ወደ ባሱንዳ የሚሄደው ሎሪ እስኪሞላ ድረስ መንገደኛ ጥላ የሚያገኘው ከራሱ ከሎሪው ጎን ነው። አያ አንዳርጌ እዚያ ሲጠጉ አንዲት ወጣት ቀድማ ተቀምጣለች። ጎንደር ነርስነት ተምራ፣ አሁን ዶካ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ዙፋን ናት። ሰላምታ ሲለዋወጡ ዓይኗ እሳቸው እንደ ሕፃን ካቀፉት የኳስ ጫማ ላይ አረፈ።

«ይጫወታሉ እንዴ አያ?»

«እኔማ ከወገቤ ጋር ነው የምጫወተው። የዓባይነህ ጫማ ነው።»

ባለፈው ዓርብ ኳስ ሜዳ ላይ ወድቆ የሞተውን የሰሊጥ አጫጁን የዓባይነህን ወሬ ዶካ ሙሉ ሰምቶታል።

«ነፍስ ይማር። ማንም ሳይነካው ነው አሉ?»

«ማንም! ኳሷም እሱ ዘንድ አልነበረች። ሲሮጥ ተዘረጋ። የቀትር ጋኔን ነው ልጄ። እኛም አልሰነፍን፤ ክብሪት ያልጫረለት ሰው የለም። አፍንጫው ሥር ስንጭር፣ ስንጭር፣ ጭስ ብቻ ሆነ።»

«ደረቱን የተጫነለትስ?»

«እግዜር ያሳይሽ! የወደቀ ሰው ደረት ይረገጣል? ደግሞ ይተነፍስ ነበር። አልፎ አልፎ እንደ ዓሣ አፉን ይከፍታል። ‹ኻላስ፣ በቃ ይነሣል› ብለን ውሃ እናጠጣው አናጠጣው ስንከራከር…»

«አያ፣ ያ ትንፋሽ አልነበረም። ልቡ ቆሞ ነው ሰውነቱ የተጣጣረው። ያን ጊዜ መዳፍና መዳፍ አነባብሮ፣ መሐል ደረቱን በኃይልና በፍጥነት፣ ሳያቋርጡ መጫን ነበር። ላይተርፍ ይችላል። ከተረፈ ግን የሚተርፈው በዚያ ነው።»

አያ አንዳርጌ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። ሰሊጥ ያጨደ፣ ግንድ የፈለጠ መዳፍ ነው። ዓርብ ለታ ሥራው ክብሪት መጫር ነበር።

ሽማግሌ ግን ደንግጦም ቢሆን ክርክር አይተውም። «ጋኔኑን ምን ልትይው ነው ታዲያ? ታላቅ ወንድሙንም እኮ ሽንፋ ወንዝ ላይ የበላው እሱው ነው። ያውም ዋና የሚያውቀውን! የሚከተለው ዘራቸውን ነው።»

አሁን የደነገጠችው ዙፋን ናት። «በዘር የሚሄድማ የልብ በሽታ አለ፤ ሲሮጡና ሲዋኙ ጠብቆ የሚገድል። ዓባይነህ ከዚያ በፊት ወድቆ ያውቃል?»

«አምና ጆንያ ይዞ ሲሮጥ ወደቀ። ተነሥቶ ሣቀ። እኛም ‹እመጫት!› ብለን ሣቅንበት።»

«የቀረ ወንድም አለው?»

አያ አንዳርጌ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፍተው ጫማውን አዩት።

«ባንታምላክ… ባሱንዳ ነው። ለወንድሙ መታሰቢያ በዚህ ዓርብ በዚህ ጫማ ሊጫወት ነው። የማደርስለት እኔ ነኝ።»

«መታሰቢያው ለዓባይነህ ብቻ ነው ወይስ ለባንታምላክም ጭምር?»

«ኧረ በስመ አብ በይ! ቢቀር እኮ ሰው ‹ፈራ› ይለዋል!»

«ይበለው። ‹ነፍስ ይማር› ከሚለው አይሻልም? ገዳሪፍ የልብ ሐኪም ሳያየው አይሩጥ።»

«ቀኑ ከተቆረጠ ሐኪም ምን ያደርጋል?»

«ቀኑን የምንቆርጠው እኛ ብንሆንስ አያ?»

ሎሪው ሞላና ተነሣ። አያ አንዳርጌ እስከ ባሱንዳ ድረስ የጫማውን ክር ሲፈቱና ሲቋጥሩ ሄዱ።

ባሱንዳ ሲደርሱ ባንታምላክ እጁን ዘርግቶ ጠበቃቸው።

«አምጡት እንጂ አያ!»

«አልሰጥህም።»

«የወንድሜ ነው!»

«ለዚህ ነው የማልሰጥህ።»

ጎረምሳው ተሳደበ፣ ድንጋይም አነሣ። በማግስቱ ግን አኩርፎ ገዳሪፍ ተወሰደ። ሐኪሙ በመሣሪያ ቢያየው የልቡ ግድግዳ ከልክ በላይ ወፍሯል፤ መድኃኒት አዘዘለት፣ ሩጫ ከለከለው። ጋኔኑ በመሣሪያው አልታየም።

የዓርቡ ጨዋታ አልቀረም። ቀትሩ አልፎ፣ ፀሐይ ሲበርድ ተደረገ። አስቀድሞ ዙፋን ተጫዋቹን ሁሉ አንበርክካ ሰሊጥ የሞላ ጆንያ ላይ ደረት አጫጫን አስተማረች። አያ አንዳርጌ ጆንያውን እስኪያፈርጡት ተጫኑ። ከዚያም ተነሥተው የሜዳውን ሕግ ተናገሩ፦ ሲሮጥ ራሱን የሳተ ሰው ሳይመረመር አይጫወትም፤ የሣቀበትም ከሜዳ ይወጣል። ወድቆ የማይነቃና ደህና የማይተነፍስ ከተገኘ አንዱ መኪና ፍለጋ ይሩጥ፣ ሌላው ደረቱን ይጫን፣ ሲደክመው ሌላ ይተካው። ክብሪት ያለው ሲጋራውን ይለኩስበት።

ባንታምላክ ከመስመሩ ውጭ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀምጧል። አጠገቡ ሄደው ተቀመጡ።

«እስከ መቼ ልታኮርፈኝ ነው?»

«እስክሞት!»

«እሰይ» አሉ አያ አንዳርጌ፤ «እንግዲያ ገና ብዙ ዘመን ታኮርፈኛለህ።»